የእርግዝና ስኳር፦ ኪኒን ይቅደም ወይስ ኢንሱሊን?

ጠያቂ፦ አዋላጅ ከክትትል ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። በነፍሰ ጡር ክትትል ላይ ለምትሠሩ፣ በተለይ ስኳር ለምታክሙ ጥያቄ አለኝ።

አንዲት እናት በ26ኛው ሳምንቷ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ ስትመረመር በባዶ ሆድ 98፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 186፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 149 ሚሊግራም በዴሲሊትር መጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግቧን አስተካክላ፣ ከምግብ በኋላ እየተራመደች ቤቷ ስትለካ ቆየች። ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ያሉት ቁጥሮች ከ118 እስከ 136 ናቸው። የጠዋቱ ግን አልወርድ ብሎ ከ99 እስከ 108 ይመላለሳል። ክብደቷ 72 ኪሎ ነው፤ የደም ግፊት የለባትም፣ ኩላሊቷ ደህና ነው፣ በአልትራሳውንድም የጽንሱ እድገት ከሳምንቱ ጋር ይሄዳል።

እሷ «ኪኒን ስጡኝ፤ መርፌ አንዴ ከተጀመረ መመለሻ የለውም፣ ልጄንም ይጎዳብኛል» ትላለች። ከባለሙያ የምሰማውም የተለያየ ነው። ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒን ይቅደም የሚል አለ፣ በእርግዝና ከኢንሱሊን ውጪ አይነካም የሚል አለ፣ ሌላውን ኪኒን ግሊቤንክላማይድን ይጻፍላት ያለም አለ። ለእንደዚህ ያለች እናት የትኛው ይቀድማል? ሜትፎርሚን ከሆነ በስንት ተጀምሮ እስከ መቼ ይጠበቃል? ኢንሱሊን ከሆነስ የትኛው ዓይነት፣ ስንት ዩኒት፣ በስንት ሰዓት?

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም

ቁጥሮቹን ዘርዝረው ማስቀመጥዎ ጥሩ ነው፤ የመልሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ አለ። በዓለም ጤና ድርጅት የ2013 መመሪያ በባዶ ሆድ 92፣ በ1 ሰዓት 180፣ በ2 ሰዓት 153 ከሚሉት አንዱ ብቻ ከተነካ የእርግዝና ስኳር ይባላል። እሷ ሁለቱን አልፋለች። የሕክምናው ግብ ደግሞ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ በ2 ሰዓት የሚለካ ከሆነ ከ120 በታች ነው። ስለዚህ ከግብ የወጣው የጠዋቱ ብቻ ነው። የጠዋት ስኳር በአብዛኛው ጉበት ሌሊቱን ከሚለቀው የሚመጣ ስለሆነ ምግብ በመቆጣጠር ብቻ አልወርድ ሲል ብዙ ጊዜ ይታያል። እናቲቱን «አልተጠነቀቅሽም» ብሎ ለሌላ ሁለት ሳምንት ማቆየት የተለመደ ጥፋት ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት። 28ኛው ሳምንት ላይ ናት፤ ጽንሱ ስብ የሚያከማችበት ጊዜ ከፊቷ ነው።

ኢንሱሊን ልጁን ይጎዳል የሚለውን ፍርሃት መጀመሪያ መፍታት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ በቀላሉ የሚያልፈው ስኳሩ ነው። ኢንሱሊን ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ ይህ ነው የሚባል መጠን አያልፍም። ከእናት የመጣው ትርፍ ስኳር የጽንሱን ቆሽት የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርገዋል። ልጁ ከልክ በላይ የሚወፍረውም፣ ከተወለደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ስኳሩ የሚወርደውም በዚህ የተነሳ ነው። መርፌው ልጁ ጋ የሚደርሰውን ስኳር ይቀንሳል እንጂ ራሱ አይደርስም።

ሜትፎርሚን ግን ያልፋል። ሲወለድ ከእትብት በሚወሰድ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከእናቲቱ ጋር ይቀራረባል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ይህ ማለት መርዝ ነው ማለት አይደለም። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በ751 እናቶች ላይ ተሠርቶ በ2008 የወጣው ጥናት፣ በአራስ ሕፃናት ላይ የሚደርሱ ችግሮች ተደምረው ሲታዩ በሁለቱ ወገን እኩል መሆናቸውን አሳይቷል፤ 32 በመቶ ገደማ። እናቶቹም ኪኒኑን ወደውታል። ግን በዚያው ጥናት ሜትፎርሚን ከጀመሩት 46 በመቶው በመጨረሻ ኢንሱሊን ተጨምሮላቸዋል። ያለጊዜው መውለድም በሜትፎርሚን በኩል ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። ከእነዚያ ልጆች የተወሰኑት በ9 ዓመታቸው ሲታዩ ሜትፎርሚን የደረሳቸው በክብደትና በወገብ ዙሪያ ከፍ ያሉ ነበሩ፤ የስብ ድርሻቸው ግን አልተለየም። ለዚህ ነው መመሪያዎቹ የሚለያዩት። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ሜትፎርሚንን ያስቀድማል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ደግሞ ወደ ጽንሱ ስለሚያልፍ ኢንሱሊን ይቅደም ይላል። ሁለቱም የሚያነቡት ጥናት አንድ ነው፤ የሚለያዩት ስለ ልጁ ሩቅ ጊዜ ባላቸው ጥንቃቄ ነው።

ግሊቤንክላማይድን ባይጽፉላት እመርጣለሁ። እሱም ያልፋል፣ ያለፈው ደግሞ የጽንሱን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመርት ይገፋፋል። ከኢንሱሊን ጋር ሲነጻጸር የልጁ ክብደትና ከወሊድ በኋላ የስኳር መውረድ በግሊቤንክላማይድ ይብሳሉ። በኔዘርላንድስ ተሠርቶ በ2025 የታተመው ጥናት፣ በሜትፎርሚን ተጀምሮ ካልበቃ ግሊቤንክላማይድ የሚጨመርበትን መንገድ ከኢንሱሊን ጋር አነጻጽሯል። ለሳምንታቸው ከሚገባው በላይ ገዝፈው የተወለዱት በኪኒን በኩል 23.9፣ በኢንሱሊን በኩል 19.9 በመቶ ነበሩ፤ ኪኒኑ ከኢንሱሊን አያንስም ለማለት አልተቻለም። የእናት ስኳር መውረድም በኪኒን በኩል ወደ እጥፍ ቀርቧል።

ወደ እርስዎ እናት ስመለስ፦ ለእሷ ማታ በመኝታ ሰዓት አንዲት የኤንፒኤች (ቀስ ብሎ ለሰዓታት የሚሠራ ኢንሱሊን) መርፌ ቀጥተኛው መንገድ ናት ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ያለው ሌሊት ላይ ነው፣ መድኃኒቱም የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ቀን የምትወጋው አይኖርም። መርፌውን አልፈልግም ካለች ግን ሜትፎርሚን ሕጋዊ ምርጫ ነው። የጉበትን ስኳር መልቀቅ ስለሚቀንስና ቁጥሯም ብዙ ያልራቀ ስለሆነ ሊበቃት ይችላል። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ብትሆን ኖሮ ይህን ምርጫ አላቀርብላትም ነበር፤ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ኢንሱሊን ነው።

ሜትፎርሚን የማልሰጣቸውን ልጥቀስ። ኩላሊቷ የደከመ፣ ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት፣ ምግብና ውሃ የማይረጋላትና የምታስመልስ፣ ከባድ ኢንፌክሽን የያዛት እናት፤ እንዲሁም የጽንሱ እድገት ወደ ኋላ የቀረ ወይም ግፊትና ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ አደገኛ የግፊት ሕመም) ያለባት። ዓይነት 1 ስኳር ያለባት ደግሞ በምንም መንገድ ኢንሱሊንን በኪኒን አትተካም፤ በቀናት ውስጥ ኬቶአሲዶሲስ (ኢንሱሊን ሲጠፋ ደም በአሲድ የሚሞላበት አደጋ) ውስጥ ትገባለች።

ፋርማሲስት

ዶክተሩ ስለ ምርጫው በደንብ ብለዋል፤ እኔ ስለ አወሳሰዱ ልጨምር።

ሜትፎርሚን ከተመረጠ 500 ሚሊግራም ከእራት ጋር ይጀመራል። ሆዷ ከተስማማ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ጠዋት ከቁርስ ጋር ሌላ 500 ይጨመራል፤ በዚሁ መንገድ በቀን እስከ 2000 ይወጣል። የተለመደው ዓይነት ኪኒን ጣሪያው 2500 ነው። በምግብ መሃል ወይም ምግብ እንደጨረሰች ትውሰደው። በባዶ ሆድ የወሰደች እናት በማግስቱ በተቅማጥና በማቅለሽለሽ ተማርራ ታቆመዋለች፣ ከዚያ «ሜትፎርሚን አልተስማማትም» ተብሎ ካርዷ ላይ ይጻፋል። አብዛኛው የሆድ ችግር መጠኑ በፍጥነት ከመጨመሩ ይመጣል። ወደ ቀድሞው መጠን መልሶ ጥቂት ቀን መቆየት ወይም ቀስ ብሎ ወደሚለቀው ዓይነት መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ቀስ ብሎ የሚለቀው ኪኒን መሰበርም መፈጨትም የለበትም፤ ከተፈጨ መድኃኒቱ ሁሉ ባንዴ ይለቀቃል።

ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም፣ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ማምጣቱ የተለመደ ነው። ረጅም ጊዜ ለወሰደችው ቫይታሚን ቢ12 ይቀንሳል፤ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ የምትወስድና ደም ማነስ የታየባት ከሆነች ብረት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም። ማስመለስና ተቅማጥ በያዛት ቀን ሰውነቷ ውሃ እስኪያገኝ ድረስ መድኃኒቱን አቁማ ወደ ጤና ተቋም ትደውል ወይም ትምጣ፤ ላክቲክ አሲዶሲስ (ላክቲክ አሲድ በደም ውስጥ የሚጠራቀምበት አደጋ) እምብዛም ባይታይም የሚመጣው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ስለ ኢንሱሊን ደግሞ ሳልናገር የማላልፈው አንድ አደጋ አለ፤ የሲሪንጁ መስመር ከብልቃጡ ጋር መግጠም አለበት። በብልቃጡ ላይ 100 ዩኒት በሚሊሊትር የሚል ከሆነ ሲሪንጁም ለ100 የተሠራ መሆን አለበት። ለ40 በተሠራ ሲሪንጅ 10 የሚለው መስመር ድረስ ከተቀዳ እናቲቱ የወሰደችው 10 ሳይሆን 25 ዩኒት ነው። የተገላቢጦሹ ስህተት 10 ብላ 4 ብቻ ያስወስዳታል፤ ያን ጊዜ ስኳሩ አልወርድ ይላል፣ ሐኪሙም መጠን ይጨምራል፣ ትክክለኛው ሲሪንጅ የተገኘ ቀን ትወድቃለች። እናት ሲሪንጅ ስትቀይር ሁሉ ሁለቱን ጽሑፍ አስተያይታ እንድታሳይ አድርጉ።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ የሚሠራው ክፍል ውስጥም፣ ከግድግዳው ተጣብቆም አይደለም። አንዴ በረዶ የነካው ቢቀልጥም አይመለስም፣ ይጣል። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ጥላ ቦታ 4 ሳምንት ይቆያል፤ የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉበት። ኤንፒኤች ከተገለባበጠ በኋላ ወተት የመሰለ ወጥ መልክ ካልያዘ፣ እንደ ፍርፋሪ ከተንሳፈፈ ወይም ብርጭቆው ላይ ከተለጠፈ አይወጋም።

የስኳር ክሊኒክ ነርስ

እህቴ፣ ስለ አጀማመሩ ላንቺ ልመልስልሽ።

ለጠዋት ስኳር የኤንፒኤች መነሻ በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.2 ዩኒት ነው። 72 ኪሎ ለሆነች እናት ከ7 እስከ 14 ይመጣል፤ በ8 መጀመር ተገቢ ነው። ሰዓቱ ከመጠኑ ያላነሰ ያስፈልጋል። ኤንፒኤች የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከእራት በፊት ከተወጋች ጉልበቱ በእኩለ ሌሊት ዙሪያ ይሆንና ተኝታ ሳለች ስኳሯ ይወርዳል፣ ንጋት ላይ ደግሞ አልቆ ጠዋት ከፍ ብሎ ይገኛል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስትወጋ ግን ጉልበቱ ወደ ንጋት ይጠጋል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ትውጋ።

በየ2 ወይም 3 ቀኑ የጠዋቱን ቁጥር አይታችሁ፣ ከ95 በላይ ከሆነ 2 ዩኒት ጨምሩ። ከ70 በታች አንዴም ከታየ ግን ቀንሱ። ጠዋት ላይ አልወርድ ብሎ መጠኑ እየጨመረ ከሄደ፣ ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ሁለት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነሥታ እንድትለካ አድርጊ። ሌሊት 60 ሆኖ ጠዋት 110 የሆነችና ሌሊትም ጠዋትም 110 የሆነች እናት አንድ ዓይነት መልስ አይሰጣቸውም። ለመጀመሪያዋ መጨመር አደገኛ ነው።

ወደፊት ከምግብ በኋላ ያለው ቁጥር ከግብ ከወጣ፣ የወጣበት ምግብ ላይ ብቻ ለአጭር ጊዜ የሚሠራው ኢንሱሊን ይገባል፣ ከ2 እስከ 4 ዩኒት። ሬጉላር ከሆነ ከምግቡ 30 ደቂቃ በፊት፣ ሊስፕሮ ወይም አስፓርት ከሆነ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቀረው። ሬጉላር ወግታ ወዲያው የበላች እናት ምግቡ ሲወጣ መድኃኒቱ ገና ነው፤ መድኃኒቱ ሲበረታ ደግሞ ምግቡ አልቋል። የእርግዝናው ሳምንት በገፋ ቁጥር መጠኑ መጨመሩ አይቀርም፤ የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች ኢንሱሊንን ስለሚቃወሙ ነው እንጂ በሽታው ስለባሰ አይደለም። ይህን አስቀድመሽ ካልነገርሻት ቁጥሩ ሲጨምር ትደነግጣለች።

አወጋጉን አንዴ አሳይተሽ እንዳትልኪያት፤ ፊትሽ ራሷ ትውጋ። ደመናማውን ኤንፒኤች በመዳፎቿ መሃል 10 ጊዜ ታንከባለው፣ 10 ጊዜ ትገልብጠው፤ መናጥ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ያለበት ሲሪንጅ መጠኑ ጎዶሎ ነው። ሁለቱን ኢንሱሊን (ደመናማውን ኤንፒኤችና ንጹሁን ሬጉላር) በአንድ ሲሪንጅ የምትቀላቅል ከሆነ አየር መጀመሪያ ወደ ደመናማው፣ ቀጥሎ ወደ ንጹሁ ይገባል፤ የሚቀዳው ግን ንጹሁ ቀድሞ ነው። ደመናማው ወደ ንጹሁ ብልቃጥ ከገባ ያ ብልቃጥ ከዚያ ወዲያ ሬጉላር አይደለም። በፔን (እስክሪብቶ በሚመስለው መውጊያ) ከሆነ በየጊዜው 2 ዩኒት ወደ አየር አስወጥታ ጫፉ ላይ ጠብታ ትይ፣ ከወጋች በኋላ 10 ድረስ ቆጥራ ታውጣው። የ4 ሚሊሜትር መርፌ ቀጥ ብሎ ይገባል። ሆድ ላይ መውጋት ጽንሱ ጋ አይደርስም፤ ሆዱ ሲወጠር ወደ ጎን በኩል ወይም ጭን ላይ ትውጋ። አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ከወጋች ቆዳው ስር ይጠጥርና መድኃኒቱ አንድ ቀን ይገባል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ቁጥሯ ያለምክንያት የሚዋዥቅ እናት ስትመጣ መዝገቧን ከማየትሽ በፊት የምትወጋበትን ቦታ ዳሰስ አድርጊ።

ከ70 በታች ስትሆን ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ሲሰማት 15 ግራም ፈጣን ስኳር ትውሰድ፦ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ትለካ፤ ካልወጣ ትድገም። ከዚያ ምግብ ትብላ። ራሷን ከሳተች ማንም አፏ ውስጥ ምንም እንዳይጨምር ለቤተሰቧ ንገሪ፤ በጎኗ አስተኝተው ባስቸኳይ ወደ ሕክምና ያድርሷት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቁጥሩ ራሱ እውነት መሆኑን አረጋግጪ። ጣፋጭ የነካ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። 1 ሰዓቱም የሚቆጠረው ምግቡ ከተጀመረበት እንጂ ከተጨረሰበት አይደለም።

ጠያቂ፦ አዋላጅ ከክትትል ክፍል

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዶክተር፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ሜትፎርሚን ጀምራ ካልበቃት ለስንት ጊዜ ነው የምንጠብቃት? ኢንሱሊን ሲገባስ ኪኒኑ ይቆማል? ሌላው፣ መመለሻ የለውም የሚለውን ስጋቷን በምን ልመልስላት?

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም

ከሁለት ሳምንት በላይ አይጠበቅም። በሳምንቱ ከተለኩት የጠዋት ቁጥሮች ሲሶ ያህሉ ከ95 በላይ ከሆኑና ሜትፎርሚኑ የምትችለው መጠን ላይ ከደረሰ ኢንሱሊን ይጨመር። ኪኒኑ መቆም የለበትም። አብረው ሲሰጡ የኢንሱሊኑ መጠን ያንሳል፣ የእናቲቱ ክብደትም ብዙ አይጨምርም። ሁለቱን አብራ በምትወስድ እናት ላይ ግን የጽንሱን እድገት በአልትራሳውንድ በየ4 ሳምንቱ ይከታተሉ። ቀድሞ ዓይነት 2 በነበረባቸው እናቶች ላይ በ2020 የወጣው ጥናት፣ ሜትፎርሚን በኢንሱሊን ላይ ሲጨመር ለሳምንታቸው አንሰው የተወለዱት 13 በመቶ፣ ያለ ሜትፎርሚን 7 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

መጠንን ከመጨመር ይልቅ ቆም ብሎ ማሰብ የሚያስፈልግባቸው ሁለት ጊዜዎች አሉ። አንደኛው ያለጊዜዋ ልትወልድ ነው ተብሎ ለልጁ ሳንባ ዴክሳሜታዞን ወይም ቤታሜታዞን ስትወስድ ነው፤ ስኳሩ በዚያው ቀን ወጥቶ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ኪኒን ለዚህ አይደርስም፣ በኢንሱሊን ብቻ የነበረችውም ለጊዜው ብዙ ተጨማሪ ትፈልጋለች፤ ተኝታ መታየት አለባት። ሁለተኛው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምግቧን ሳትቀንስ የኢንሱሊን ፍላጎቷ በድንገት ሲያሽቆለቁል ነው። «ስኳሬ ዳነ» ብላ ደስ ብሏት ትመጣለች። የእንግዴ ልጁ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል የጽንሱ ደህንነት በዚያው ቀን ይታይ።

ስጋቷን በተመለከተ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች ስለሚቃወሙት ነው። እሱ ከወጣ በሰዓታት ውስጥ ተቃውሞው ይነሣል። የእርግዝና ስኳር ያለባት እናት እንደወለደች ኢንሱሊኑም ሜትፎርሚኑም ይቆማሉ፤ እንዲያውም ከወለደች በኋላ የማታውን መርፌ በልማድ መስጠት አደገኛ ነው፣ ትእዛዙ ከካርዷ ላይ በግልጽ ይሰረዝ። በምጥ ጊዜ ስኳሯ በየሰዓቱ ተለክቶ ከ70 እስከ 126 ባለው ይያዝ። ሕፃኑ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይጥባ፣ ከዚያ በየ2 እስከ 3 ሰዓቱ፣ ስኳሩም ከተወለደ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ይለካ።

የስኳር ክሊኒክ ነርስ

መርፌው ይቆማል ሲባል ክትትሉም የቆመ የሚመስላቸው ብዙ ናቸውና ቀጠሮውን ገና ሳትወልድ ስጪያት። ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የ75 ግራም ምርመራው ይደገማል። እዚህ ላይ የእርግዝናውን መለኪያ አትጠቀሙ፤ ያን ጊዜ ስኳር የሚባለው በባዶ ሆድ 126 ወይም በ2 ሰዓት 200 ሲደርስ ነው። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው የደም ምርመራ በዚህ ጊዜ አይተካውም፤ በወሊድ የፈሰሰው ደም ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል። ደህና ከሆነች በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ትመርመር፤ ሌላ እርግዝና ካሰበች ደግሞ ከመፀነሷ በፊት።